የምግብ መኪና ልትገዙ ነው? ቀብድ ሳትሰጡ ሥሯን እዩ

ሰሞኑን ጎንደር ውስጥ አሮጌ ሚኒባስ ጎኑን ቆርጠው፣ ደማቅ ቀለም ቀብተው፣ መጥበሻና መደርደሪያ ገጥመው "ዝግጁ የምግብ መኪና" እያሉ የሚሸጡ ሰዎች አሉ። ጥምቀት ሳይደርስ ልግዛ ብላችሁ የምትጣደፉ ካላችሁ ትንሽ ቆም በሉ።

ሐሳቡን አልጠላሁትም። ማራኪ ግቢ አካባቢ እርጥብና ችብስ ለተማሪ መሸጥ ያዋጣል፤ የሱቅ ኪራዩም የሚቀመስ አይደለም። የአጎቴ ልጆችም ይህንኑ አስበው አዘዞ አንዷን ሊያዩ ሲሄዱ አብሬያቸው ሄድኩ። ጋራዥ ውስጥ ስላደግሁ ቀለም አያታልለኝም። እነሱ ባለ ቀለሙን መብራት ሲያደንቁ እኔ ከሥር ገባሁ።

ላይዋ ሲታይ አፍ ያስከፍታል፣ ውስጡን ለቄስ።

መጀመሪያ መስኮቷ። የተቆረጠው በግራ ጎኗ ነው። የሚኒባስ ተንሸራታች በር በቀኝ ስለሆነ ሙሉ ላሜራ የሚገኘው በግራ ነው፤ ለበያጁ ይቀለዋል። ለእናንተ ግን መኪናዋ ቀኝ ዳር ስትቆም ደንበኛው የሚሰለፈው አስፋልት ላይ ነው። ፒያሳ ላይ ባጃጅ ጀርባውን እየታከከው እርጥብ የሚጠብቅ ሰው አስቡ። ሻጩን ስጠይቀው "አዙራችሁ አቁሟት" አለኝ። ትራፊክ ፖሊሱንስ ማን ያዞርልናል?

ጣሪያው ደግሞ ሰው ቆሞ እንዲሠራ ተብሎ ተቆርጦ ከፍ ተደርጓል። መጋጠሚያውን በጣቴ ኳ ኳ ሳደርገው ድፍን ድምፅ ሰጠኝ። ስቱኮ ነው፤ የላሜራ ጉድለት የሚሸፈንበት ልጥፍ። ማግኔት ቢያስጠጉበት አይዝም። ሚኒባስ እንደ አይሱዙ ለብቻው የቆመ ሻንሲ፣ ማለትም አካሉን የሚሸከም የብረት አጽም፣ የለውም፤ ጥንካሬው ከነአካሉ ነው። ጣሪያውንም የጎኑን ምሰሶም ቆርጠው በቀጭን ቱቦላሬ ከበየዱት በኋላ እንደ ድሮው ይጠነክራል ብላችሁ አትጠብቁ።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ጋዙ ነው። ሲሊንደሩ ከምድጃው ሥር ግጥም ብሎ የሚዘጋ ሣጥን ውስጥ ገብቷል። ቱቦው በሽቦ ታስሯል። የማብሰያ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈተልክ ወለል ላይ ይተኛል። ስለዚህ ሣጥኑ ከታች ወደ ውጭ የሚያስወጣ ቀዳዳ ሊኖረው ይገባል። የዚህኛው ቀዳዳ ከላይ ነው! መገጣጠሚያውን በሳሙና አረፋ ሞክሩት፤ ክብሪት ጭሮ የሚያሳያችሁ ሰው ካለ ሮጣችሁ ውጡ። ጄኔሬተርም ውስጥ ካስቀመጡላችሁ አትቀበሉ፤ ጭሱ ውስጥ ያለው መርዝ ሽታ የለውም።

የውኃ በርሜሉ 200 ሊትር ይይዛል። ይህ ማለት 200 ኪሎ ነው፣ ያውም ከኋላ ጎማ ወዲያ ጫፍ ላይ። ክብደቱን የሚሸከመው ባሌስትራ ባዶዋንም ሆና አጎንብሷል። የጎንደርን ዳገትና ቁልቁለት ታውቁታላችሁ። በርሜሉን አስሞሉና ዳገት ላይ በእጅ ፍሬን ብቻ አቁሟት። እግረ መንገዳችሁን መጥበሻው ወደ የት እንደሚያዘነብል እዩ፤ የፈላ ዘይት ነው። በዳማስ፣ በትንሿ ሚኒባስ፣ የተሠራ ከሆነማ ሞተሩ 800 ሲሲ አይሞላም፤ ይህን ሁሉ ጭኖ አቀበት ሊወጣ?

ወረቀቱ ላይ ስንደርስ ሊብሬው 12 ሰው ይላል። እኛ ያየነው መቀመጫ የሾፌሩን ብቻ ነው። "ጣጣ የለውም፣ ሰው አለኝ" አለ ሻጩ። ለቦሎ ምርመራ ስትቀርቡ የሱ ሰው አብሯችሁ አይሰለፍም። ለውጡ ተፈቅዶ ሊብሬው ላይ ካልሰፈረ፣ አደጋ ቢደርስ ከመድን ድርጅቱም ጋር መጨቃጨቅ ይመጣል። የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩን ይዛችሁ መጀመሪያ ትራንስፖርት ቢሮ ጠይቁ።

"ነገ ሌላ ሰው ይወስዳታል፣ ትንሽ ቀብድ ጣሉ" ማለቱ አልቀረም። ቀብድ ቀልድ አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ገንዘቡ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ግድ መስጠት ካለባችሁ "ምርመራ ካላለፈች ቀብዱ ይመለሳል" የሚል በጽሑፍ ይግባ። ሽያጩም ካፌ ውስጥ ደላላ በጻፈው ወረቀት ሳይሆን ውልና ማስረጃ ቀርቦ ይለቅ።

እኛ ሳንከፍል ተመለስን። ልጆቹ አሁን የሚፈልጉት ያልተነካ ሚኒባስ ነው። የቀኙን ተንሸራታች በር ከፍተው፣ መሸጫ ጠረጴዛውን እዚያው ሊገጥሙ አስበዋል፤ ደንበኛው እግረኛ መንገድ ላይ ይቆማል፣ ላሜራም አይቆረጥም። ፈቃዱን ቀድመው ለመጠየቅም ተስማምተዋል። ሊብሬዋ ንጹሕ የሆነ ሚኒባስ የምታውቁ ጠቁሙን። ደላላ አይመለከትም።