ዜኒት 750 በሮታክስ 912፦ አዳማ ላይ ከመቶው ፈረስ ስንቱ ይቀራል?

የትንንሽ አውሮፕላኖች ሞተር የሆነው ሮታክስ 912 ዩኤልኤስ «መቶ ፈረስ» (የፈረስ ጉልበት) ይባላል። መቶ የሚሆነው ግን ባሕር ጠለል ላይ፣ አየሩ 15 ዲግሪ ሲሆን ነው። አዳማ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሙቀቱ 28 ዲግሪ ሲደርስ አየሩ ይሳሳል፤ ሞተሩ ራሱን 2,500 ሜትር ላይ ያገኘዋል ማለት ነው። በአንድ ስበት የሚያስገባው አየር ከባሕር ጠለሉ 78 በመቶ ያህል ብቻ ስለሚሆን ከመቶው ፈረስ 75 ገደማ ይቀራል። ማለዳ 1 ሰዓት ላይ፣ በ15 ዲግሪ፣ 79 ቢሆን ነው። ባለቤቱ ራሱ የሚገጣጥመውን ትንሽ አውሮፕላን ዜኒት ሲኤች 750ን በዚህ ሞተር ሠርቶ እዚህ አካባቢ ለማብረር የሚያስብ ሰው ሒሳቡን ከ75 ይጀምር። የሻጩ ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር ለሌላ አገር ነው።

አውሮፕላኑ ራሱ ብዙ አያከራክርም። የክሪስ ሃይንዝ ንድፍ ነው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ አካሉ የአሉሚኒየም ላሜራ ሆኖ ከአንድ ወገን ብቻ በሚሳብ ሪቬት ይያያዛል፣ ስለዚህ ከጀርባ ብረት ደግፎ የሚቆም ረዳት አያስፈልግም። የሞተር መያዣው ተበይዶ ይመጣል። ጎበዝ የአዳማ ላሜራ ሠራተኛ ሥራውን ሲያየው አይደነግጥም። የሚፈትነው ትዕግሥቱን ነው፦ በየቀዳዳው ጠርዝ የሚቀረውን የብረት እሾህ አንድ በአንድ መጥረግ አለበት። መኪና ላይ ያንን እሾህ ስቱኮና ቀለም ይሸፍነዋል፤ እዚህ ግን ስንጥቅ የሚጀምረው ከሱ ነው።

ይህ አውሮፕላን ዝናው በአጭር ሜዳ መነሳቱ ነው፤ ክንፉ ግንባር ላይ በቋሚነት የተገጠመው ስላት የሚባል ጠባብ ተጨማሪ ክንፍ በዝግታ ሲሄድም ይይዘዋል። አዳማ ላይ ግን ዝናው ይቀንሳል። የፍጥነት መለኪያው የመነሻውን ቁጥር ያው አድርጎ ያሳያል፤ መሬቱ ግን ከሥር 13 በመቶ ያህል ፈጥኖ ያልፋል፣ ምክንያቱም ክንፉ በሳሳ አየር ያንኑ ጉልበት ለማግኘት መፍጠን አለበት። ወደዚያ ፍጥነት የሚያደርሰው ሞተር ደግሞ ሩቡን አጥቷል። ሽቅብ ሲወጣ ጉዳቱ ይበልጥ ይታያል፦ 600 ኪሎ የሚመዝን አውሮፕላን 25 ፈረስ ሲጎድለው፣ ፕሮፔለሩ ከሚሰጠው ጉልበት 65 በመቶውን ወደ ግፊት ይቀይራል ብንል፣ በየደቂቃው 120 ሜትር ያህል መውጣት ይቀርበታል። ተራራ ፊት ለፊት ሲመጣ 120 ሜትር ትንሽ አይደለም።

ክብደቱንም እንየው። ባዶውን 350 ኪሎ እንበል፤ 80፣ 80 ኪሎ የሆኑ ሁለት ሰዎች ሲቀመጡ 510 ሆነ። ሁለቱ የክንፍ ነዳጅ ማጠራቀሚያዎች 91 ሊትር ይይዛሉ፣ ይህም 65 ኪሎ ነው። 25 ኪሎ ሻንጣ ሲጨመር 600 ሞላ። ሁለት ሆኖ ከሰዓት በኋላ ለሚነሳ ሰው የሚያዋጣው ነዳጁን ግማሽ አድርጎ መሄድ ነው። ሞተሩ በሦስት አራተኛ ጉልበት በሰዓት 18.5 ሊትር ገደማ ይጠጣል፤ 45 ሊትር አንድ ሰዓት ተኩል አስኪዶ ከግማሽ ሰዓት በላይ መጠባበቂያ ይተዋል።

ለዚህ ከፍታ ከመጀመሪያው የታሰበው ወንድሙ ሮታክስ 914 ነው። ቱርቦ አለው፤ ለ5 ደቂቃ 115፣ ያለማቋረጥ ደግሞ 100 ፈረስ ይሰጣል፤ 115ቱን እስከ 2,450 ሜትር ገደማ ይዞ ይወጣል። አዳማ ላይ ከ912ቱ ጋር ያለው ልዩነት 15 ሳይሆን 40 ፈረስ ነው። ዋጋውና ክብደቱ ግን ይጨምራል፤ ኮፈኖው ውስጥ ያለው ሙቀትም እንደዚሁ፤ ቱርቦው የራሱ ክትትል ይፈልጋል። ሁልጊዜ ሁለት ሰው ለሚጭን 914ን ይግዛ እላለሁ። ብቻውን፣ በማለዳ ለሚበር 912 ዩኤልኤስ ይበቃዋል። 80 ፈረሱ 912 ዩኤል ግን እዚህ ወደ 60 ይወርዳል፤ ለዚህ አውሮፕላን አይመከርም።

ፕሮፔለሩ መሬት ላይ የምላጮቹ አንግል የሚስተካከል ዓይነት ይሁን። ፋብሪካው «ይህን ያህል ዲግሪ» ብሎ የላከው ቁጥር የመነሻ ግምት ነው። ሙሉ ጋዝ ተሰጥቶ ሽቅብ ሲወጣ ሞተሩ ከ5,200 ዙር በታች ከቀረ አንግሉ በዝቷል፤ ሞተሩ በከባድ ማርሽ ዳገት እንደሚወጣ አይሱዙ ይጨነቃል። 5,500 አካባቢ ሲወጣ ጥሩ ነው። የመጨረሻው ወሰን 5,800 ነው፣ እሱም ለ5 ደቂቃ ብቻ። አንግሉ በዲጂታል መለኪያ ይለካ፤ በምላጮቹ መካከል የአንድ አምስተኛ ዲግሪ ልዩነት እንኳ መቀመጫው ድረስ በንቅናቄ ይሰማል። ብዙ ሰው «ሞተሩ ይንቀጠቀጣል» ብሎ የሚያማርረው መንስኤው ከዚህ ወይም ከካርቡራተሩ ነው እንጂ ሞተሩ ንጹሕ ነው።

የቢንግ ካርቡራተሮች ሁለት ናቸው፣ እያንዳንዳቸው ሁለት ሲሊንደር ይመግባሉ። በቫኩም የሚሠሩ በመሆናቸው ከፍታን በመጠኑ ራሳቸው ያስተካክላሉ፤ ካንዴላዎቹ ጥቁር ጥላሸት ከያዙ ግን ነዳጁ በዝቷልና ጂግለሩ (የነዳጁን መጠን የሚወስነው ባለ ጠባብ ቀዳዳ ዕቃ) ይታይ። የሁለቱ ጋዝ ገመዶች እኩል ካልሳቡ አንዱ ወገን ቀድሞ ይሠራል፣ ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ጋዝ ሳይሰጥ ሲዞር፣ መርገፍገፍ ይመጣል፤ ያ መርገፍገፍ ምቾት ከመንሳቱ በላይ በሞተሩና በፕሮፔለሩ መካከል ያለውን የካምቢዮ ጥርስ ይበላል። አስተካካዩ መጀመሪያ የገመዶቹን ልቅነት እኩል ያድርግ፤ ከዚያ በሁለት የቫኩም መለኪያ ሚኒሞውን፣ ቀጥሎ 2,500 ዙር ላይ ያለውን ያመሳስል። ሚኒሞው ከ1,400 አይውረድ፤ መሬት ላይ ቆሞ ሲጠበቅ 1,800 እና ከዚያ በላይ ማድረግ ለካምቢዮው ይሻላል።

ካርቡራተሩ ውስጥ ያሉት ተንሳፋፊዎች ደግሞ የታወቀ በሽታ አላቸው። ነዳጅ ይጠጡና ይከብዳሉ፣ ሲከብዱ ይሰምጣሉ፣ ነዳጅ ሞልቶ ይፈስሳል፣ ሞተሩም አንድ ወገኑ እየታነቀ ይሠራል። የአንድ ካርቡራተር ሁለት ተንሳፋፊዎች አንድ ላይ ከ7 ግራም በላይ ከመዘኑ ይቀየራሉ። የኩሽና ሚዛን ይህን አይለይም፤ ወርቅ ቤት ጎራ ብሎ ማስመዘን ቀላሉ መንገድ ነው። ተንሳፋፊ ሲወጣ ካርቡራተሩን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘውን ጎማም አጠፍ አድርጎ ማየት ነው፤ ስንጥቁ የሚታየው ሲታጠፍ ብቻ ነው።

የአዳማ አቧራ ለብቻው ሊወራለት ይገባል። የአየር ፊልትሮውን በ100 ሰዓት አያለሁ ብሎ መተው እዚህ አይሠራም፤ በ25 ሰዓት አውጥቶ ማጠብና መልሶ ዘይት መቀባት ነው። የተዘጋ ፊልትሮ 75 የነበረውን የበለጠ ያወርደዋል፤ የተቀደደ ፊልትሮ ደግሞ ሲሊንደሩን ይፍቃል። ሁለተኛው ይብሳል።

ነዳጅ። ዩኤልኤሱ በ95 ኦክቴን እንዲሠራ የታሰበ ነው፣ 80 ፈረሱ በ90። ማደያው ላይ «ቤንዚን» ከሚለው ቃል በቀር ቁጥር ከሌለ ሳይጠይቁ መቅዳት ቁማር ነው። በሳሳ አየር ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚቀንስ ኦክቴኑ ቢያንስም ሞተሩ ማንኳኳቱ ቶሎ አይታወቅም፤ አይሰማም ማለት ግን አይጎዳም ማለት አይደለም። ሮታክስ ኢታኖል እስከ 10 በመቶ ይፈቅዳል። እርሳስ ያለበት የአውሮፕላን ቤንዚን ከተገኘም ይሠራል፣ ግን በብዛት ከተጠቀሙበት ዘይቱ በ100 ሳይሆን በ50 ሰዓት ይቀየራል፤ እርሳሱ ካምቢዮውና የዘይት ማጠራቀሚያው ውስጥ ጭቃ ሆኖ ይቀመጣል።

የሚያስደነግጠው ነገር ነዳጁ ቱቦ ውስጥ መፍላቱ ነው። የአዳማ የአየር ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ውኃ እንኳ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ቤንዚንም እንዲሁ ቀድሞ ይተናል። አውሮፕላኑ አርፎ ሞተሩ ጠፍቶ 20 ደቂቃ ፀሐይ ላይ ሲቆም ከሞተሩ የሚወጣው ሙቀት ኮፈኖው ውስጥ ይጠራቀማል፤ መልሶ ሲነሳ ፖምፓው እንፋሎት ይስባል፣ የነዳጅ ግፊቱ ከ0.15 ባር በታች ይወርዳል፣ ሞተሩ ይተፋል። መድኃኒቱ ሦስት ነገር ነው፦ ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለስ ቱቦ በ0.35 ሚሊ ሜትር ጂግለር መግጠም፣ ቱቦዎቹን ሙቀት በሚከላከል ሽፋን ማልበስ፣ ሞተሩ እንደጠፋ የኮፈኖውን የዘይት መስኮት ከፍቶ መተው። የመጀመሪያውን «አያስፈልግም» የሚል ገጣጣሚ ካለ ሌላ ገጣጣሚ ይፈለግ።

ማቀዝቀዣው ሁለት ዓይነት ነው፦ ሲሊንደሩ በአየር፣ ቴስታታው (የሲሊንደሩ ራስ) በውኃ። የራዲያተሩ ክዳን ላስቲኩ ከደከመ ግፊቱን አይዝም፣ ውኃውም እዚህ ቀድሞ ይፈላል፤ ክዳን ርካሽ ስለሆነ ሳይጠራጠሩ መቀየር ነው። ዘይቱ ከመነሳት በፊት 50 ዲግሪ መድረስ አለበት፣ ሲበር ከ90 እስከ 110 ያለው ይመቸዋል፣ 130 የመጨረሻው ነው። የዘይት ራዲያተሩ ትልቁ ይመረጥ። የዘይቱ መጠን ሲታይ ደግሞ ፕሮፔለሩን በሚዞርበት አቅጣጫ በእጅ ማዞር ያስፈልጋል፤ ከማጠራቀሚያው ቡልቅ የሚል ድምፅ እስኪሰማ ድረስ። ያ ሳይሆን የዘይት መለኪያ ዘንጉን የሚያይ ሰው ዘይት ጎደለ ብሎ ይጨምርና ያስተፋዋል። ማብሪያው መጥፋቱን ሁለቴ ሳያረጋግጡ ግን ፕሮፔለር አይነካም።

ወደ ምቾቱ ስንመጣ፣ ሰው የሚቀመጥበት ጓዳ ስፋቱ ትከሻ ላይ 107 ሳንቲ ሜትር ነው። ወደ ውጭ የተለጠጡት በሮች ከተገጠሙ 127 ይሆናል። ሁለት ወፋፍራም ሰዎች በቀጥታው በር ክርን ለክርን ይጋጫሉ፤ ተጨማሪው ገንዘብ እዚህ ላይ ቢወጣ አያስቆጭም። መቀመጫውን ፍራሽ ቤት በሚሸጥ ለስላሳ ስፖንጅ መሙላት ግን ስህተት ነው። መጀመሪያ ቀን ይመቻል፣ ከዚያ ተጨፍልቆ ጀርባን ከብረቱ ጋር ያገናኛል፤ አውሮፕላኑ በኃይል ሲያርፍም አከርካሪን አያድንም። ከሥር 2.5 ሳንቲ ሜትር ጠንካራ፣ ከላይ 2.5 ሳንቲ ሜትር ቀስ ብሎ የሚመለስ፣ ሁለቱም እሳት የማይቀበል ስፖንጅ ነው የሚፈለገው።

ከራስ በላይ ያለው ግልጽ ጣሪያ ለእይታ ደስ ይላል፤ የአዳማ ፀሐይ ግን ጓዳውን ምድጃ ያደርገዋል። ተነስቶ የሚጠቀለል መጋረጃና በየበሩ አንድ አንድ የሚዞር የአየር ማስገቢያ ይበቃል። ፖሊካርቦኔቱን ቤንዚን በነካው ጨርቅ መጥረግ ክልክል ነው፣ በጥቂት ጊዜ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጣጠቃል። የአየር ማስገቢያ ሲቀደድ ደግሞ የጭሱ ነገር ይታሰብ፦ ከኋላ በኩል ክፍተት ካለ ጓዳው ከማርሚታው የወጣውን ጭስ መልሶ ይስባል። ሞተሩን ከጓዳው የሚለየው ግድግዳ ላይ ያለ ቀዳዳ ሁሉ እሳት በማይበላው ማሸጊያ ይደፈን፣ ዳሽቦርዱ ላይም የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ ይለጠፍ። ጭሱ የሚያመጣውን ራስ ምታት ብዙ ሰው ለሙቀቱ ይሰጠዋል።

መንገጫገጩን ግን ምንም ዕቃ አያስቀረውም። 600 ኪሎ በ13.4 ካሬ ሜትር ክንፍ ሲካፈል በካሬ ሜትር 45 ኪሎ ነው፤ ቀላል ክንፍ እንደ ቅጠል ነው። ከአዳማ ዙሪያ ያሉት ኮረብታዎች የ51 እና የ153 ሜጋ ዋት የንፋስ ማመንጫ የተተከለባቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከኮረብታው ጀርባ የሚገለባበጠው ንፋስ ዝቅ ብሎ ለሚበር ክፉ ነው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ቀበቶው ትከሻ ድረስ ጠብቆ ይታሰር። ከተማዋ የራሷ አውሮፕላን ማረፊያ ስለሌላት ከየት መነሳት እንደሚቻል፣ በእጅ የተሠራውን ለማብረርም ምን እንደሚጠየቅ፣ ላሜራ ከመቆረጡ በፊት የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንን መጠየቅ ነው።

ያገለገለ ሞተር ለሚያገኝ ሰው ሰዓቱ ብቻ አያታልለው። ሙሉ እድሳት እስኪደረግለት ያለው ወሰን 2,000 ሰዓት ወይም 15 ዓመት ነው፣ ቀድሞ የመጣው። ጎሚኒዎቹ፣ የካርቡራተር ጎማዎቹና የፖምፓው ላስቲክ በ5 ዓመት ይቀየራሉ፤ 200 ሰዓት ብቻ የሠራ ግን 12 ዓመት ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ሞተር ይህን ሁሉ ወጪ ይዞ ይመጣል። ከዚያ ማግኔት ያለበትን የዘይት ቡሎን ማስፈታት ነው። ጫፉ ላይ ጣት ሲነካው የሚፈርስ ጥቁር ቅባት ካለ ደህና ነው። በጥፍር የሚያዝ የብረት ስባሪ ካለ ግን ቡሎኑን መልሶ አጥብቆ፣ ዋጋ ሳይጠይቁ መሄድ ይሻላል።