ቀብድ በደላላ እጅ አትስጡ፦ ሲኤምሲ ቤት ልገዛ ሄጄ የገጠመኝ

ዘንድሮ ገናን ከእናቴ ጋር ለማሳለፍ ከሜሪላንድ አዲስ አበባ ስገባ ሌላም ሐሳብ ይዤ ነበር። እናቴ የምትኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጉልበቷ እምቢ ካላት ቆይቷል፤ ደረጃውን ስለምትፈራ ቤተ ክርስቲያን መሄድ እንኳን በሳምንት አንዴ ሆኖባታል። ስለዚህ ፀጥ ያለ ሰፈር ውስጥ፣ ታች መኝታ ያለው ቤት ልገዛላት ነበር የሄድኩት። አምስት ሳምንት ቆይቼ ሳልገዛ ተመለስኩ። ይህን የምጽፈው ለክረምት ትኬት ቆርጣችሁ፣ እንደ እኔ ከወዲሁ በቴሌግራም የቤት ፎቶ እየተላከላችሁ ላላችሁ ነው።

ጥሩውን ላስቀድም። አንዲት ጓደኛዬ «ልትገዢ ያሰብሽበት ሰፈር መጀመሪያ ተከራይተሽ ኑሪበት» ስላለችኝ፣ ከሲኤምሲ ሚካኤል ብዙም ሳይርቅ፣ ውስጥ ለውስጥ በሚገባ የኮብልስቶን መንገድ ላይ ዕቃ የተሟላለት ሰርቪስ ቤት ለአንድ ወር ተከራየሁ። 60,000 ብር ከፈልኩ፤ ከዚያ በኋላ ለመብራት፣ ለውሃ፣ ለጥበቃ ተብሎ አንዲት ሳንቲም አልተጠየቅኩም። አከራዬ ባላቸውን በቅርቡ ያጡ እናት ናቸው፤ እትዬ ነው የምላቸው። ገና ሻንጣዬን ሳልፈታ ቡና አፈሉልኝ። በሦስተኛው ቀን ፊት ለፊት ካለው ግቢ የድፎ ዳቦ ቁራሽ በሳህን መጣ። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ የምኖርበት መንገድም ፀጥ ያለ ነው፤ ግን ሰባት ዓመት ስኖርበት የጎረቤቴን ስም ያወቅኩት የእሱ ደብዳቤ በስህተት እኔ ሳጥን ውስጥ በገባ ጊዜ ነው።

ንጋት ላይ የሚካኤል ቅዳሴ ይሰማል፣ ረፋድ ላይ «ቆራሌው!» የሚል ልጅ ያልፋል፣ ከዚያ ውጪ ድምፅ የለም። ጥር 12 ቀን ታቦቱ ወደ መንበሩ ሲመለስ የመንገዳችን ልጆች ከጠዋት ጀምረው ዋናውን መንገድ ሲጠርጉ፣ ምንጣፍ ሲያነጥፉ አየሁ። እልልታው ሲቀርብ እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ። እናቴን እዚህ ሳላመጣ አልቀርም አልኩ።

እትዬ አንድ ምክር ሰጡኝ፤ ከማንም ባለሙያ ያላገኘሁት ነው። «ልጄ፣ ቤት በበጋ አይታይም። ከመንገዱ ታች ያሉት ግቢዎች ክረምት ውሃ ይገባባቸዋል፤ አጥሩ ሥር ውሃ የተወው የጭቃ መስመር ካየሽ አትግዢ» አሉኝ። ወጥቼ አየሁ። ሁለት ግቢዎች አጥር ላይ ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ቡናማ መስመር ቀለሙን ከሁለት ከፍሎታል። አንደኛው ግቢ፣ ደላላው «ከሁሉም የሚሻል» ብሎ ፎቶ የላከልኝ ቤት ነበር።

ወደ ደላላው ልመለስ። ቁጥሩን የሰጠኝ ዘመድ ነው፤ ክፋት አልነበረውም። ከአሜሪካ ሆኜ ለሁለት ወር አውርተናል። ሌላ ቤት ነበር ያዘጋጀልኝ፦ ጂ ፕላስ ዋን፣ 200 ካሬ፣ ንጹህ ካርታ፣ ከዕዳ ነፃ፣ 28 ሚሊዮን ከ500 ሺህ ብር። ሊያሳዩኝ ሲመጡ አራት ሆነው መጡ። ቤቱን ወደድኩት፤ ይህን አልክድም። በሩ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ብረት ነው፣ ግቢው ውስጥ አንድ የሎሚ ዛፍ አለ፣ ታች ያለችው መኝታ መስኮቷ ወደ ዛፉ ነው። እናቴ እዚያ መስኮት ሥር ተቀምጣ ታየችኝ። ይህ ፊቴ ላይ ሳይነበብ አልቀረም።

ባለቤቱን ላግኝ ስል «ክፍለ ሀገር ናቸው፣ ደግሞ ከእኛ ውጪ ከማንም አይነጋገሩም» አሉኝ። ነገ ሌላ ዲያስፖራ ሊከፍል ስለሆነ ዛሬ ማስያዣ ካልተሰጠ ቤቱ ይሄዳል ተባለ። 300,000 ብር በደላላው ሒሳብ አስገባሁ። የተሰጠኝ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ላይ «ተቀብያለሁ» የሚል ጽሑፍና ፊርማ ነው። ሳመነታ ያለኝ ቃል እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፦ «እህቴ፣ ለእናንተ እኮ በዶላር ስትመነዘር ምንም አይደለችም»። ሐምሌ 2016 ብር ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 ካለፈ ወዲህ፣ ከውጭ የመጣ ሰው ሁሉ ገንዘብ የሚታፈስበት ጉድጓድ ያለው ይመስላቸዋል። እኔ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሌሊት ነው የምሠራው። የዚያን ገንዘብ እያንዳንዷን ዶላር የሰው ትራስ እያገላበጥኩ ነው ያገኘኋት።

ከዚያ የካርታውን ፎቶ ኮፒ ጠየቅኩ። ስምንት ቀን ፈጀ። አንድ ቀን ቤት ረሳው፣ አንድ ቀን ስልኩ ተዘጋ፣ ሦስት ቀን ጥምቀት ነው ተባለ። በዘጠነኛው ቀን በስልክ ፎቶ ተልኮ መጣ። የባለቤቱ ስም ተቆርጧል። የቦታው ስፋት የተጻፈበት ቦታ ላይ ደግሞ የያዘው ሰው አውራ ጣት አርፎበታል። ፎቶውን አስፍቼ ደጋግሜ አየሁት፤ ከጥፍሩ ጎን የምትታየው የመጨረሻዋ ቁጥር 5 ናት። 200 በ5 አያልቅም።

ሜሪላንድ ውስጥ የማንኛውንም ቤት አድራሻ የክልሉ መንግሥት ድረ ገጽ ላይ አስገብቼ ባለቤቱን፣ የመሬቱን ስፋት፣ ለመጨረሻ ጊዜ በስንት እንደተሸጠ ማየት እችላለሁ። ማስያዣውም ውሉ እስኪዘጋ በሦስተኛ ወገን እጅ ይቆያል። ይህን ለምጄ ነው መሰለኝ፣ ካርታ መደበቅ እንደሚቻል አላሰብኩም።

ያወጣኝ ሰፈሩ ነው። ለእትዬ የቤቱን ፎቶ ሳሳያቸው በሩን ለይተው አወቁት። «ይሄማ የእድራችን አባል ቤት ነው፤ ምን ክፍለ ሀገር አለው፣ ገርጂ አይደል እንዴ ያለው?» አሉና እዚያው ደወሉ። በማግስቱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ባለቤቱ፣ ጋሼ፣ የካርታውን ዋና ቅጂ በፕላስቲክ ማኅደር ይዘው እትዬ ሳሎን ተቀምጠው ነበር።

ቦታው 175 ካሬ ነው። የጠሩት ዋጋ 26 ሚሊዮን ነው። ስለ 300,000 ብር ሰምተው አያውቁም። ደላላው ከባለቤቱ ዋጋ ላይ ሁለት ሚሊዮን ተኩል ጭኖብኛል፤ በዚያ ላይ ሁለት ፐርሰንት ኮሚሽኑን የሚያሰላው በተጫነው ዋጋ ስለሆነ 570,000 ብር ሊወስድ ነበር። በእሱ ዋጋ አንድ ካሬ 142,500 ብር ይመጣል፤ የሌለው 25 ካሬ ብቻውን ከሦስት ሚሊዮን ተኩል በላይ ነው። የእትዬ ልጅ ሜትር ይዞ አብሮኝ ሄዶ ለካን፦ አጥሩ 18 በ11፣ 198 ካሬ። ከካርታው ውጪ ያለው 23 ካሬ ወደ መንገዱ የወጣ መሆኑን ጋሼ ራሳቸው ነገሩኝ። ያልተከፈለ የሊዝ ቀሪ እንዳለበትም፣ እሱ ወደ ገዢው እንደሚዞር የነገሩኝ እሳቸው ናቸው።

ከጋሼ ጋር ሄደን የዕዳና እገዳ ማጣሪያ ጠየቅን። ይህ ያሰቃየኛል ብዬ የፈራሁት ነበር፤ መስኮት ላይ የነበረችው ልጅ ግን ፋይሉን አውጥታ፣ በትሕትና አስረድታን፣ በአንድ ሰዓት ተኩል ጨረስን። እግዚአብሔር ይስጣት።

የያዝኩት ጠበቃም ከከፈልኩት በላይ ጠቅሞኛል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀብድ ሰጪው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ከተወ እጥፉን ይመልሳል። ይህ ግን በሻጭና በገዢ መካከል ነው። በደላላ እጅ የገባ ገንዘብ ሻጩን አያስረውም፣ እኔንም አይጠብቀኝም። የቤት ሽያጭ ራሱ በጽሑፍ ሆኖ ውልና ማስረጃ ፊት ካልቀረበ ዋጋ የለውም። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የሁለቱም ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የጋሼ ባለቤት ካናዳ ስላሉ ውክልና መላክ አለባቸው። ደላሎቹ «ወጪ ሁሉ በገዢ» ሲሉ የነበረውንም አስረዳኝ፦ ከቤት ሽያጭ ጥቅም የሚከፈለው 15 ፐርሰንት ግብር በሕጉ የሻጩ ነው። ገዢው ይቻለው ከተባለ በስምምነት ነው፤ ስለዚህ ውሉ ላይ ማን ምን እንደሚከፍል ተለይቶ ይጻፍ።

ገንዘቤን ከደላላው ለማስመለስ አሥራ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። መጀመሪያ ስልክ አላነሳ አለ። ከዚያ «ቤቱን እኛ ባናሳይሽ ከየት ታገኚው ነበር» አለ። ይህ እውነት ስለሆነ በጋሼ ዋጋ ሁለት ፐርሰንቱን፣ 520,000 ብሩን፣ ውሉ የተፈረመ ቀን እከፍላለሁ አልኩት። አልተስማማም። አብረውት የመጡት ሦስቱ በየተራ እየደወሉ ድርሻቸውን ጠየቁኝ፤ አንዱ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ደወለ። ጠበቃው በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ከላከለት በኋላ 250,000 ብር ሒሳቤ ገባ። 50,000ውን «የድካማችን ነው» ብሎ አስቀረ።

ከመሄዴ ሁለት ቀን በፊት ጋሼ «እናትሽን አምጫትና ትየው» አሉኝ። እናቴ የሎሚውን ዛፍ ነካክታ፣ ታች ያለችውን መኝታ ገብታ አይታ ወጣችና ወደ ሚካኤል በእግሯ እንሂድ አለች። በየመሐሉ ሳታርፍ፣ ክንዴን ይዛ፣ ደርሳ ተሳለመች። ስንመለስ ስለ ቤቱ ምንም አላለችም፤ ለእትዬ ብቻ «ደረጃ የለውም» አለቻቸው።

ጋሼ ውክልናው እስኪመጣ ቤቱን ለሌላ እንደማያሳዩ ነግረውኛል። ምንም አልተፈራረምንም፣ ምንም አልከፈልኩም። 50,000 ብሩ ይህን እስከምጽፍበት ቀን ድረስ ደላላው ጋ ነው።