«ሳሎናችሁን በእጥፍ እናደምቃለን» ለሚሏችሁ ቀብድ አትክፈሉ

ደሴ ውስጥ ቤት ለቤት እየዞሩ የመብራት ሥራ የሚዋዋሉ ሰዎች አሉ። የነበረውን አምፖል አውርደው በጂፕሰም ኮርኒስ ላይ ጥቃቅን ስፖቶች ይተክላሉ፤ ግማሹን ክፍያ አስቀድመው ይወስዳሉ። እኔ የቤት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። እነርሱ ከሄዱ በኋላ «ቤቱ ጨለመብን» ተብዬ የምጠራው እኔ ስለሆንኩ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ተንኮሉ ያለው ማሳያው ላይ ነው። አመሻሽ ላይ ይመጡና የቤቱን መብራት ያጠፋሉ። ስለ ዋስትናው፣ ስለ ቆጣሪው፣ ስለ ቁጠባው ረጋ ብለው ሲያወሩ ዓይናችሁ ጨለማውን ይለምዳል። ያን ጊዜ አዲሱን አምፖል ፊት ለፊታችሁ ያበሩታል። «ወይ ጉድ!» የማይል ማን አለ? መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ያው የድሮው አምፖል የሚያጥበረብረን በዚሁ ምክንያት ነው። የሚያሳዩት ደግሞ ሁልጊዜ በብርሃን ቀለም መለኪያ 6500 ኬልቪን የሆነውን፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላውን ነጭ ነው፤ እንዲህ ያለው ብርሃን ከቢጫው ጋር በልኬት እኩል ሆኖ ሳለ ለብዙ ሰው ዓይን የደመቀ ይመስላል።

ስፖት ብርሃኑን ቁልቁል ወለል ላይ ይደፋዋል። ተቀምጠን የምናየው ግን ግድግዳውን ነው፤ ክፍሉ ደመቀ ወይም ጨለመ የምንለውም በአብዛኛው ከዓይናችን ትይዩ ባለው ነገር ነው። ነጭ ቀለም ካረፈበት ብርሃን 80 በመቶ ገደማውን ሲመልስ ጥቁር ቡናማ ቀለም አብዛኛውን ይውጠዋል። ሸዋ በር አካባቢ አንዲት እናት ቤት ገብቼ ያየሁት ይህንኑ ነው፦ የሶፋው መደገፊያ ያብረቀርቃል፣ ቡናማው ግድግዳ ጨልሟል፣ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ዓይኑ ሥር ጥላ አጥልቶበታል። እናትየው ረከቦቱ አጠገብ የድሮውን አምፖል በማራዘሚያ ገመድ ስበው ነበር ቡና የሚቀዱት። ለዚህ ነው እንግዲህ የተከፈለው!

«በእጥፍ» የሚለውም ቃል ባዶ ነው። የብርሃኑ መጠን እጥፍ ቢሆን እንኳ ዓይናችን የሚያየው ትንሽ ጭማሪ ብቻ ነው። በቴሌግራም የሚልኩትን ፎቶ ደግሞ ከነጭራሹ እርሱት፤ የስልክ ካሜራ የጨለመውን ክፍል ራሱ አድምቆ ያነሳዋል።

ካርቶኑ ላይ ዋቱን ትታችሁ ሉመኑን፣ ማለትም አምፖሉ የሚሰጠውን የብርሃን መጠን፣ አንብቡ። ደህና 9 ዋት ኤልኢዲ 800 ሉመን ገደማ ይሰጣል፤ ይህም የድሮው የ60 ዋት አምፖል ያህል ነው። «9 ዋቱ 100 ዋት ያህል ያበራል» ካሏችሁ አትመኑ፤ የድሮው 100 ዋት 1600 ሉመን ገደማ ነበር። 800 ሉመን ምንም ሳይባክን 20 ካሬ ሜትር ሳሎን ላይ ቢሰራጭ 40 ሉክስ፣ ማለትም ለአንድ ካሬ ሜትር 40 ሉመን ብቻ ነው፤ ግድግዳውና መጋረጃው የሚውጡት ገና አልተቀነሰም።

መዋዋል ካማራችሁ የሉመኑ ድምር ውሉ ላይ ይጻፍ። አምፖሎቹም መጀመሪያ በነበረው መያዣ ላይ ተሰክተው አንድ ሙሉ ምሽት ይብሩ። በዚህ የማይስማማ ሻጭ ካጋጠማችሁ ልትከፍሉት በነበረው ገንዘብ ግድግዳውን ነጭ ቀለም አስቀቡበት፤ ለብዙ ቤት ያ ብቻውን ይበቃል።