ካምፐር ቫናችሁን «በጥቅል እናድስላችሁ» ለሚሏችሁ ከመክፈላችሁ በፊት

የካምፐር ቫኑን (አልጋና ወጥ ቤት ያለውን፣ የሚታደርበትን መኪና) አሮጌ ፍሪጅ ለማስቀየር ያሰበ ሁሉ ቀብድ ከመስጠቱ በፊት ይህን ቢያነብልኝ እወዳለሁ። «ፍሪጁን፣ መብራቱን፣ ሩቢኔቱንና ማብሪያ ማጥፊያውን በአንድ ዋጋ አዲስ እናደርግልሃለን» የሚል ውል ተፈራርሜ የተረከብኩት መኪና ከፊት ሲያዩት ያምራል። ፍሪጁ ያብረቀርቃል፤ መብራቱ ቦግ ይላል። ሌላ ባለሙያ ፍሪጁን ስቦ አውጥቶ ጀርባውን ሲያሳየኝ ግን፣ እዚያ ውስጥ ቤተሰብ እንደሚያድር እያወቁ እንዴት እንደጨከኑ አልገባህ አለኝ። የጋራዡን ስም አልጠራም። እንዲህ ያለ ጥቅል ውል ሌላም ቦታ ሊቀርብላችሁ ስለሚችል፣ መታወቅ ያለበት አሠራሩ ነው።

በጣም ያስቆጣኝን ላስቀድም። አሮጌው ፍሪጅ በጋዝም፣ በ12 ቮልትም፣ በመደበኛ ኤሌክትሪክም የሚሠራ ነበር። አዲሱ የሚሠራው በኮምፕሬሰር፣ ማለትም በኤሌክትሪክ በሚዞር መጭመቂያ ስለሆነ የሚነድ ጋዝ አያስፈልገውም። ስለዚህ ወደ ፍሪጁ ይሄድ የነበረው የጋዝ መስመር ከመገንጠያው ላይ ተነቅሎ፣ ለጋዝ በተሠራ የብረት መድፈኛ መዘጋት፣ ከዚያም መላው መስመር በግፊት መፈተሽ ነበረበት። እነርሱ የቱቦውን ጫፍ አጥፈው በናስትሮ ጠቅልለውታል። ጋዙን ይዞ የቆየው ከቱቦው በፊት ያለችው ትንሽ መዝጊያ ብቻ ናት፤ እርሷን ደግሞ ማንም ሰው እቃ ሲያነሳ ሳያስበው ሊከፍታት ይችላል። ይህ ሳይበቃ፣ ወለሉ ላይ የነበረውን የጋዝ ማምለጫ ቀዳዳ አዲሱን ፍሪጅ ለማስተካከል ባስገቡት ጣውላ ደፍነውታል። ፕሮፔንም ሆነ ቡቴን ከአየር ይከብዳል። ሲያፈስ ወደ ላይ አይወጣም፤ ወለል ላይ ይተኛል፣ አልጋ ሥር ይጠራቀማል። ቀዳዳው የተበጀው ጋዙ ወደ ውጭ እንዲወርድ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው የጋዝ መስመር መንካት የለበትም፤ አውቆ ያደረገው ከሆነ ደግሞ ምን እንደምለው አላውቅም።

ሁለተኛው ነገር፣ አሮጌው ፍሪጅ በእርግጥ ሞቶ ነበር ወይ የሚለው ነው። «አልቆለታል፣ አይጠገንም» ያሉኝ በሩን ከፍተው በእጃቸው ዳስሰው ነው። እንዲህ ያለው ፍሪጅ አብሶርፕሽን ይባላል፤ በ1922 ፎን ፕላተን እና ሙንተርስ የተባሉ ሁለት ወጣት ስዊድናውያን የፈጠሩት አሠራር ነው። ኮምፕሬሰር የለውም፤ የሚሽከረከር ነገርም የለውም። ሙቀት አሞኒያውን ከውሃ ለይቶ ያተነዋል፤ አሞኒያው በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ከሃይድሮጅን ጋር እየዞረ ቅዝቃዜ ይፈጥራል። የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው በቀላሉ አይሞትም። የሚደክመው በአብዛኛው ማቃጠያው ጥላሸት ሲይዝ፣ ከጀርባው ያሉት የታችና የላይ የአየር ቀዳዳዎች ሲደፈኑ፣ ወይም መኪናው ዘንበል ብሎ ሲቆም ነው። ስለዚህ በጋዝ ሞክሩት፤ በኤሌክትሪክም ሞክሩት፤ ለእያንዳንዱ ረጅም ሰዓት ስጡት። በአንዱ ቀዝቅዞ በሌላው እምቢ ካለ ማቀዝቀዣው ጤነኛ ነው ማለት ነው፤ የታመመው ሙቀት ሰጪው ብቻ ነውና ይጸዳል ወይም ይቀየራል። የአሞኒያ ሽታ ከሸተታችሁ፣ ከጀርባው ባሉት ቱቦዎች ላይም ቢጫ ዱቄት ካያችሁ ግን ቱቦው ተቀዷል፤ ያኔ «አልቆለታል» ያለው ሰው እውነቱን ነው። ቢጫው ነገር ቱቦው እንዳይዝግ የሚጨመር መርዛማ ክሮሜት ስለሆነ በባዶ እጅ አትንኩት።

«አሮጌውን ያለ ክፍያ እንጥልልሃለን» ሲሏችሁም እሺ አትበሉ። የሚሠራ ፍሪጅ ገዢ አያጣም። ንብረቱ የእናንተ ነውና መልሱልኝ በሉ።

አሁን ወደ አዲሱ እንምጣ። «የ12 ቮልት ፍሪጅ» የሚለው ስም ብዙ ነገር ይሸፍናል። ከጥቅሉ ርካሹ ዕቃ ብዙውን ጊዜ በፔልቲየር (ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት አንድ ጎኑ በሚቀዘቅዝ ትንሽ ሳህን) የሚሠራ ሣጥን ነው። ይህ ሣጥን ከአካባቢው ሙቀት 20 ዲግሪ ያህል ዝቅ ቢያደርግ ነው፤ የመኪናው ውስጥ 35 ከሆነ የሣጥኑ ውስጥ 15 ይሆናል፤ ወተትና ሥጋ በ15 ዲግሪ አይቆይም። ለዚህም ሥራው ያለማቋረጥ ባትሪ ይመጥጣል። ሌሎች ደግሞ ተራ የቤት ፍሪጅ በኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ በሚቀይር ዕቃ) ያገናኙላችኋል። ኢንቨርተሩ ራሱ ኃይል ይበላል፤ ኮምፕሬሰሩ ሲነሳ ብዙ እጥፍ ኃይል ይጠይቃል፤ ዕቃውም ለመንገድ ንዝረት አልተሠራም። ለመኪና የሚሆነው በቀጥታ በ12 ወይም በ24 ቮልት የሚሠራ ኮምፕሬሰር ያለው ነው። ሴኮፕ የተባለው አምራች፣ ቀድሞ የዳንፎስ ኩባንያ የኮምፕሬሰር ክፍል የነበረው፣ ቢዲ35 እና ቢዲ50 የሚላቸው ኮምፕሬሰሮች የታወቁ ናቸው። የሞዴሉ ቁጥር በውሉ ላይ ይጻፍ፤ «ጥሩ የ12 ቮልት ፍሪጅ» የሚል ጽሑፍ ውል አይደለም።

የእኔ ፍሪጅ ትክክለኛ ኮምፕሬሰር ነበረው። ግን በየሌሊቱ ይጠፋል። ደውዬ ስነግራቸው መልሳቸው የተዘጋጀ ነበር፦ «ባትሪህ ደክሟል፤ አዲስ እናስገባልህ፤ ሶላርም ብትጨምር ይሻላል»። ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው። ባትሪው ደህና ነበር፤ የተሰረቀው ሽቦው ላይ ነው። የቮልቴጅ መውደቅ በ12 ቮልት ላይ ምሕረት የለውም። ፍሪጁ ከባትሪው 5 ሜትር ቢርቅ ሽቦው ደርሶ መልስ 10 ሜትር ነው። 5 አምፔር በ1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ሲያልፍ 0.6 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል፤ በ6 ካሬ ሚሊ ሜትር ግን 0.15 ቮልት ብቻ። ባትሪው ገና ግማሽ ሳይደርስ ፍሪጁ ጋር የሚደርሰው ቮልት ይወርድና የኮምፕሬሰሩ መከላከያ ያጠፋዋል። የእኔ ሽቦ ቀጭን ከመሆኑ በላይ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነበር፤ ጫፉን በቢላ ስትፍቁት ውስጡ ነጭ ከሆነ ያው እርሱ ነው፤ ብክነቱ በግማሽ ያህል ይጨምራል። ፊውዙን ደግሞ ያስገቡት ከፍሪጁ አጠገብ ነው። ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ስለሆነ ቦታው ባትሪው አጠገብ ነው። ሽቦው መንገድ ላይ ከመኪናው ብረት ጋር ተፋትጎ ቢላጥ፣ ከባትሪው የሚመጣውን ኃይል የሚያቆመው ነገር አልነበረም። እሳት እንዲህ ነው የሚነሳው።

ማጣራቱ ከባድ አይደለም። ፍሪጁ እየሠራ ሳለ ቮልቱን በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ባትሪው ላይ ለኩ፤ ወዲያው ፍሪጁ ጀርባ ላይ ለኩ። ልዩነቱ ግማሽ ቮልት ከደረሰ ባትሪ አትግዙ፤ ሽቦ አስቀይሩ። ለአዲሱ ፍሪጅ የአሮጌውን የ12 ቮልት መስመር የሚጠቀሙም አሉ። በብዙ መኪናዎች ያ መስመር ኃይል የሚያገኘው ሞተሩ ሲነሳ ብቻ ነው፤ ሞተሩን ስታጠፉ ፍሪጁም አብሮ ይጠፋል፤ ያኔም «ባትሪ ግዛ» ይባላል።

«ያለ ፀሐይ ሦስት ቀን ይቆያል» የተባልኩትንም ቁጥሩ አይደግፈውም። ኮምፕሬሰሩ ሲሠራ 4.5 አምፔር ቢወስድና ከሰዓቱ 40 በመቶውን ቢሠራ፣ በቀን 43 አምፔር ሰዓት ገደማ ነው። የ100 አምፔር ሰዓት የሊድ አሲድ ባትሪ ሳይጎዳ የሚሰጠው ግማሹን ነው። አንድ ቀን ከጥቂት ሰዓት ማለት ነው፤ ያውም መብራትና የውሃ ፓምፕ ሳይቆጠር።

ስለ መብራቱና ስለ ሩቢኔቱ አጭር ነገር ልበል። የመኪና 12 ቮልት ሁልጊዜ 12 አይደለም፤ ባትሪ ሲሞላ ከ14 ያልፋል። ስለዚህ ከ10 እስከ 30 ቮልት ይችላል ተብሎ የተጻፈበት የኤልኢዲ አምፖል ይምረጡላችሁ፤ የእኔዎቹ አንድ በአንድ ጠፍተዋል። ሩቢኔት ሲቀየር ደግሞ ፓምፑ በምን እንደሚነሳ ጠይቁ። አንዳንዱ መኪና ሩቢኔቱ ውስጥ በተቀበረች ትንሽ ማብሪያ ይነሳል፤ ሌላው የግፊት መቀነስን ተከትሎ ይነሳል። የመጀመሪያው ዓይነት ላይ የቤት ሩቢኔት ከተገጠመ ፓምፑ አይነሳም። ለእኔ «መፍትሔ» ብለው ግድግዳ ላይ ለብቻው ማብሪያ ተከሉ፤ ሰው ማጥፋቱን ሲረሳ ፓምፑ በተዘጋ ሩቢኔት ላይ ይዞራል፤ በመጨረሻም ተቃጠለ።

ሙሉውን ከከፈላችሁ በኋላ መጮህ ጅብ ከሄደ በኋላ ነው። የመጨረሻውን ክፍያ ያዙ፤ ፍሪጁ ሞተር ጠፍቶ በባትሪ ብቻ ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶ ሲያድር ስጡ። የሽቦው ውፍረት፣ የፊውዙ ቦታና የፍሪጁ ሞዴል በጽሑፍ ይቀመጡ፤ ግድግዳው ከመዘጋቱ በፊት ፎቶ አንሱ። የጋዙን ሥራ ፈቃድ ያለው የጋዝ ባለሙያ ይፈትሸው፤ ስሙና ፊርማው ያለበት ወረቀትም ይስጣችሁ። ወረቀቱን አንሰጥም የሚል ጋራዥ መኪናችሁን እንዲነካ አትፍቀዱ።

እንዲህ ያለ ሥራ አስቀድሞ የተሠራላችሁ ካላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ጋዙን ከሲሊንደሩ ላይ ዝጉት። ወለሉ ላይ ያለው ማምለጫ ቀዳዳ ክፍት መሆኑን እዩ፤ የጋዝ ማንቂያ ወለል አጠገብ አስተክሉ። መስመሩ በባለሙያ እስኪፈተሽ ድረስ ማንንም እዚያ መኪና ውስጥ አታሳድሩ።