ባህር ዳር ላይ የዳታቤዝ ባለሙያ ለምትፈልጉ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ባህር ዳር ሆናችሁ የንግድ ሂሳባችሁን በኮምፒውተር የምትይዙ፣ ይህችን አንብቡልኝ። አንድ ጎበዝ ልጅ አለ፤ ላመሰግነውም ልጠቁማችሁም ነው።

እኛ ዓሣ ተረካቢዎች ነን። ከባህር ዳር፣ ከዘጌና ከቁንዝላ አጥማጆች ቀረሶና አምባዛ ተረክበን ለሆቴሎችና ለምግብ ቤቶች እናከፋፍላለን። ሂሳቡን የምይዘው እኔ ነኝ። መዝገባችን ማይክሮሶፍት አክሰስ በሚባል የመረጃ መያዣ ፕሮግራም የተሠራ ሲሆን ለየቦታው የራሱ ቴብል (መረጃው የሚቀመጥበት ሠንጠረዥ)፣ ለየቴብሉም የራሱ ፎርም (መረጃ የሚሞላበትና የሚታይበት ገጽ) ነበረው። መልካቸው አንድ የሆነ ሦስት ፎርም ማለት ነው። የበረዶ ወጪ መጻፊያ ልጨምር ካልኩ ሦስቱም ላይ መጨመር አለብኝ። በሁዳዴ ገበያው ሲደራ ደግሞ አንዱ ላይ የተስተካከለው ሌላው ላይ ሳይስተካከል ይቀርና ሂሳቡ አልገጥም ይላል።

ያማከርናቸው ሁሉ አዲስ ሲስተም ግዙ ነበር ያሉን። ይሄ ልጅ ግን ፋይሉን ከፍቶ ረጋ ብሎ አየና "ያላችሁት ይበቃችኋል፤ ያስቸገራችሁ ፎርሙ ነው" አለን። አዲስ ሊሸጥልን እየቻለ አልሸጠም። ያኔ ነው ልቤ የረጋው።

ሁለቱን ፎርም አንስቶ አንዱን አስቀረ። ፎርሙ መረጃውን ከየት እንደሚያመጣ የሚጻፍበት ሪከርድ ሶርስ የሚባል ነገር አለ። እዚያ አንዴ የተጻፈው ቴብል እንደተጻፈ መቅረት የለበትም፤ ፎርሙ ተከፍቶ እያለ በኮድ ይቀየራል። ከላይ ቦታ መምረጫ ኮምቦ ቦክስ አስገባልን። ዘጌን ስመርጥ የዘጌ ርክክብ ይመጣል፣ ቁንዝላን ስመርጥ የቁንዝላ። ሪከርድ ሶርሱ ሲቀየር ፎርሙ ራሱ መረጃውን እንደገና ስለሚያመጣ ሌላ ትዕዛዝ አይፈልግም። የጀመርኩት መዝገብ ካለም መጀመሪያ እሱን አስቀምጦ ነው የሚያልፈው።

አንዱ ቴብል ላይ "ኪሎ" ተብሎ የተጻፈው ሌላው ላይ "ክብደት" ነበር። እንዲህ ሲሆን ፎርሙ ስሙን ያጣውና ቁጥሩ ሊታይበት በሚገባው ቦታ ስህተት ያሳያል። ለየቴብሉ ኩዌሪ (ከቴብሉ መረጃ መርጦ የሚያወጣ ጥያቄ) ሠርቶ ስሞቹን አንድ አደረጋቸው።

በጣም የወደድኩለት ግን የአማርኛውን ነገር የፈታበት መንገድ ነው። አክሰስ ቴብል ላይ አማርኛ በደንብ ይጻፋል። ኮድ የሚጻፍበት መስኮት ግን የእኛን ፊደል አይቀበልም፤ የጥያቄ ምልክት ይደረድራል። ስለዚህ የቦታዎቹን ስም ኮዱ ውስጥ አላስገባም። ባለ ሁለት አምድ ትንሽ ቴብል ሠራ። በአንዱ የቦታው ስም በአማርኛ አለ፣ በሌላው የኩዌሪው ስም በላቲን ፊደል። እኔ የማየው አማርኛውን ነው፤ ኮዱ የሚወስደው ሁለተኛውን አምድ ነው። ኮዱ ላይ ግን 1 ተብሎ ነው የሚጠራው፣ አቆጣጠሩ ከ0 ስለሚጀምር። ነገ ከጎርጎራም መረከብ ብንጀምር ቴብሉንና ኩዌሪውን ከነባሩ ቀድቼ፣ ኩዌሪውን ወደ አዲሱ ቴብል አዙሬ እዚያች ትንሽ ቴብል ላይ አንድ መስመር መጨመር ብቻ ነው። ኮዱን መንካት አያስፈልግም።

ሦስቱን ቴብል አንድ አድርጎ የቦታ አምድ መጨመር የተሻለ እንደሆነም አልደበቀንም። ሪፖርቶቻችን በሙሉ ከየቴብሉ ጋር ስለተያያዙ ገበያው ረገብ ሲል እንሠራዋለን ተባብለናል።

ሠርቶ ብቻ አልሄደም። አጠገቤ ተቀምጦ እያንዳንዱ መስመር ምን እንደሚሠራ አስረዳኝ፤ ማብራሪያውንም በአማርኛ ደብተር ላይ ጽፎልኝ ሄደ። ስደውልለት ስልክ ያነሳል። ይህን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እጅህ ይባረክ።

ስልኩን እንድሰጥ ፈቅዶልኛል፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ከመደበኛ ሥራው ውጭ ስለሚሠራ አመሻሽ ላይ ብትደውሉለት ይሻላል። ስትሄዱ የፋይላችሁን ቅጂ በፍላሽ ያዙለት፤ ዋናውን አይነካም፣ ቅጂው ላይ ሞክሮ ካሳያችሁ በኋላ ነው የሚያስገባው።