ሴንሰር የምትሠሩ ሁሉ፣ የቱሉ ዲምቱውን ጋሼ እወቋቸው

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሰፈር ቴፕና ቴሌቪዥን የሚጠግኑ አንድ ጋሼ አሉ። ስሜን እንዳትጽፍ ስላሉኝ ጋሼ ብዬ ልለፍ። ዛሬ በአደባባይ ላመሰግናቸው ነው።

እኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ያውም ብዙ ጊዜ ሌሊት። ሮቶ ሲጎድል ስልክ ላይ መልእክት የሚልክ መሣሪያ ለጎረቤቶቼ ሠርቼ ነበር፤ ሴንሰሩ፣ ማለትም የሚለካው ክፍል፣ በ40 ኪሎኸርዝ ድምፅ የውሃውን ከፍታ ይለካል። ጠረጴዛዬ ላይ ዝንፍ አይልም። እርጥበት እንዳይገባው ሴንሰሩን ኢፖክሲ በሚባል ጠንካራ ማጣበቂያ አጣብቄ ክዳኑ ላይ ስገጥመው ግን አንዴ ሙሉ ይላል፣ አንዴ ባዶ። አንዲት እናት መሣሪያውን አምነው ውሃ በመጣበት ሌሊት ተኝተው አደሩ፤ ሦስት ቀን በጄሪካን አስቀዱ። እስካሁን ይቆጨኛል። አራት ሴንሰር ቀየርኩ፤ የሸጠልኝ ሰው «ኮዱን አስተካክል» ከማለት ሌላ መልስ አልነበረውም።

ጋሼ ኮዱን አላዩትም። ሴንሰሩን ከ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር (ከረንት ከሚገታ ዕቃ) ጋር በተከታታይ አሰሩና፣ የፈለጉትን ፍሪኩዌንሲ የሚያወጣውን የሲግናል ጄኔሬተር ቁልፍ በዝግታ እያዞሩ የሬዚስተሩን ቮልቴጅ ሞገድ በሚያሳየው ኦሲሎስኮፕ ላይ አሳዩኝ። ያልተጣበቀው ትርፍ ሴንሰር 39.9 ኪሎኸርዝ ላይ ሞገዱ ተመዘዘ፤ 41.3 ላይ ደግሞ ለጥ ብሎ ተኛ። የተጣበቀው ሴንሰር ግን ሞገዱ የሚመዘዝበት ጫፍ 38.6 ላይ ወርዶ ተገኘ፤ ቁመቱም ከሩብ አይበልጥም። እኔ ያለማወላወል በ40 እየነዳሁት!

ከዚያ ካርቶን ቀደው ልክ እንደ ሴንሰሩ የሚሠራ ሰርኪዩት ሳሉልኝ። አንድ ካፓሲተር (ቻርጅ የሚይዝ ዕቃ)፤ እሱ ሴንሰሩ ውስጥ ያለው፣ ቮልቴጅ ሲያገኝ የሚርገበገበው ሴራሚክ ሁለት ፊት ነው። ከጎኑ ኢንዳክተር (የሽቦ ጥቅል)፣ ሌላ ካፓሲተርና ሬዚስተር የተደረደሩበት ቅርንጫፍ። ኢንዳክተሩ የሚርገበገበው አካል ክብደት፣ ካፓሲተሩ መለጠጡ፣ ሬዚስተሩ በድምፅና በሙቀት የሚወጣው ኃይል። 39.9 ላይ ኢንዳክተሩና የቅርንጫፉ ካፓሲተር እርስ በርስ ይጠፋፋሉ፤ ሬዚስተሩ ብቻ ስለሚቀር ከረንቱ ይፈስሳል። 41.3 ላይ ቅርንጫፉ ከጎኑ ካለው ካፓሲተር ጋር ይያያዝና መንገዱን ይዘጋል። ከሁለቱ ቁጥሮችና የካፓሲተር መለኪያው ከሚያሳየው 2.2 ናኖፋራድ ተነስተው ሲያሰሉት ኢንዳክተሩ ከ100 ሚሊሄንሪ በላይ ሆነ። «ልጄ፣ እዚህች ሴራሚክ ውስጥ ይህን ሁሉ ሽቦ የጠቀለለ የለም። ክብደቷ ነው» አሉኝ። ኢፖክሲው ክብደት ጨምሮ ጫፉን አወረደው፤ ንዝረቱን አፍኖም ሬዚስተሩን አሳደገው። ሥዕሉ የሚያገለግለው እዚህ ጫፍ አካባቢ ብቻ መሆኑንም አልደበቁኝም፤ ራቅ ሲሉ ሌላ ቅርንጫፍ መጨመር ግድ ነው።

በተርወርዝ ቫን ዳይክ የሚባለውን ይህን ሞዴል ካምፓስ ለፈተና ሠርቼዋለሁ። በዓይኔ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

ኢፖክሲውን አስለቅቀው በለስላሳ የጎማ ቀለበት አስያዙኝ። ጫፉ ወደ 39.7 ተመለሰ፤ እኔም ኮዴን እዚያ ላይ አስተካከልኩ። ይኸው ስድስት ሳምንት፣ አንድ ቀን አልዋሸም። ለግማሽ ቀን ሥራ 500 ብር ተቀበሉኝ፤ ጨምሬ ብሰጣቸው መለሱልኝ። ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ስትሄዱ ያልተጣበቀ ትርፍ ሴንሰር ያዙ፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።