የፖሊስና የነዋሪዎች የውይይት መድረክ፦ ያዳምጣል፣ ግን አይመልስም

በየወሩ የሚካሄደውን የፖሊስና የነዋሪዎች የውይይት መድረክ ለስምንት ወራት ሳላጓድል ተከታትያለሁ፤ በመካከሉም አንድ አቤቱታ በጽሑፍ አቅርቤ መልሱ እስኪደርሰኝ ተመላልሻለሁ። አገልግሎቱን ከሁለቱም በኩል ስላየሁት የታዘብኩትን አካፍላለሁ።

በጎውን ላስቀድም። ስብሰባው በሰዓቱ ይጀመራል፣ የጣቢያው አዛዥ ራሳቸው ይገኛሉ፣ እጁን ያወጣ ሁሉ ይናገራል። አንዲት እናት በአንድ ጨለማ መተላለፊያ ሁለት ጊዜ መዘረፋቸውን ሲናገሩ፣ አዛዡ ሰዓቱን፣ የዘራፊዎቹን ብዛትና የሸሹበትን አቅጣጫ እየጠየቁ በእጃቸው ጻፉ፤ ሳምንት ሳይሞላም የምሽት ፓትሮል በዚያ በኩል ማለፍ ጀመረ። መብራቱ ግን እስካሁን አልበራም፤ ጉዳዩ የፖሊስ አይደለም ተባለ። መልሱ እውነት ነው፤ ሆኖም የሚመለከተው መሥሪያ ቤት በመድረኩ ወንበር ስለሌለው ጥያቄው ባለቤት አጣ። እ.ኤ.አ. በ1993 በቺካጎ በአምስት የሙከራ ወረዳዎች የተጀመረው የማኅበረሰብ ፖሊስ መርሐ ግብር፣ የተበላሸ መብራትንና ወና የቀረ ቤትን የመሳሰሉ አቤቱታዎች ለከተማው አገልግሎት ሰጪዎች የሚደርሱበትን መንገድ የዘረጋው ይህንኑ ክፍተት ለመድፈን ነበር።

የመድረኩ ዋና ድክመት ቃለ ጉባዔው ላይ ነው። በአራተኛው ስብሰባ፣ በሁለተኛው የተነሳ አንድ ጥያቄ ምን ደረሰ ብዬ ጠየቅሁ። ጸሐፊው ደብተሩን ወደ ኋላ ገልብጦ «ውይይት ተደርጎበታል» የሚል አንድ መስመር አነበበልን። ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ ሊያደርግ ቃል እንደገባ አልተጻፈም። ያለፈው ወር ቃል ተነቦ የማይጀመር ስብሰባ፣ የቱንም ያህል ጨዋነት ቢኖረው፣ ቁጥጥር ሊባል አይችልም፤ ፖሊስ መግለጫ የሚሰጥበት፣ ነዋሪውም ብሶቱን የሚያወጣበት ቦታ ነው።

ወደ አቤቱታው ልምጣ። የእኅቴን ልጅ ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ አንድ ፖሊስ አስቁሞት፣ ምክንያቱን ሳይነግረው ስልኩን ተቀብሎ ፈተሸው። የቅሬታ መቀበያ ክፍሉ በትሕትና አስተናገደን፤ ማመልከቻችንን በመዝገብ አስፍሮ ቁጥር ሰጠን። ከአርባ ሦስት ቀን በኋላ የደረሰን ደብዳቤ ግን ሁለት መስመር ብቻ ነበር፦ ጉዳዩ ተጣርቶ ቅሬታው መሠረት የሌለው ሆኖ ተገኝቷል ይላል። ያጣራውም የፈረመውም የዚያው ፖሊስ የቅርብ አለቃ ነው፤ ልጁን ግን አንድ ቀን እንኳ ጠርቶ ቃሉን የተቀበለው የለም። አለቃው ክፉ ሰው ናቸው ለማለት አልደፍርም፤ ነገር ግን በየዕለቱ አብሮ በሚሠራ ባልደረባ ላይ እንዲፈርዱ መመደባቸው ለእሳቸውም ቢሆን ፍትሐዊ አይደለም።

ይህ መፍትሔ የታጣለት ችግር አይደለም። በሰሜን አየርላንድ እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣ ሕግ መሠረት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2000 ሥራ የጀመረው የፖሊስ ዕንባ ጠባቂ ጽሕፈት ቤት የራሱ መርማሪዎች አሉት፤ በፖሊስ ላይ የሚቀርብን አቤቱታ የሚቀበለውም ራሱ ነው። ተቆጣጣሪን በምርጫ መሾም ብቻውን በቂ አለመሆኑን ደግሞ እንግሊዝና ዌልስ አሳይተዋል፤ እ.ኤ.አ. ኅዳር 15 ቀን 2012 በ41 አካባቢዎች ፖሊስን የሚቆጣጠሩ ኮሚሽነሮች ሲመረጡ ድምፅ የሰጠው ከመራጩ 15 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። በነገራችን ላይ በእኛ አዳራሽም ከፊት ረድፍ የምናያቸው ሰዎች ወር በወር እነዚያው ናቸው፤ ወጣቶች፣ ማለትም ፖሊስ አዘውትሮ የሚያስቆማቸው፣ ብዙም አይታዩም።

ስለ ስርቆት፣ ስለ ፓትሮል ወይም ስለ ትራፊክ መናገር ለሚፈልግ ሰው መድረኩ ይጠቅመዋልና ይሂድ፤ ከአምስት ሦስት ነጥብ እሰጠዋለሁ። በፖሊስ ላይ አቤት የሚል ግን ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ያዘጋጅ፣ በራሱ ቅጂ ላይ ማኅተም ያስመታ፣ አጣሪው ማን እንደሆነም ገና ሲያስገባ ይጠይቅ። ለዚህኛው አገልግሎት ከአንድ ነጥብ በላይ አልሰጥም፤ እሱንም ያገኘው ለመዝገቡ ነው።

በመጨረሻው ስብሰባ፣ ከእንግዲህ መጀመሪያ ያለፈው ወር ቃል እንዲነበብ ሐሳብ አቀረብኩ፤ አዛዡም ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ እንደሚደረግ ተናገሩ። ስንወጣ ደብተሩን ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ «ሐሳብ ተሰጥቷል» ይላል። ጸሐፊውን ለምኜ የአዛዡን ቃልና ቀኑን ከሥሩ አስጨመርኩ፤ ገጹንም በስልኬ ፎቶ አነሳሁት።